ዕቃው ሐዋሳ ገብቷል፤ ግን ማን እጅ ነው?

ወገን፣ ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዕቃው ያንን ሁሉ በአንድ ቀን ይጨርስና ከመናኸሪያ እዚያው ከተማ ውስጥ አቶቴ ሰፈር ለመድረስ ሁለት ቀን ይፈጅበታል! ጥፋቱ የመንገድ አይደለም፣ የርክክብ ነው።

እዚህ ዲሊቨሪ የሚሠራው ብዙው አንድ ሞተር ወይም ሳይክል ያለው ሰው ነው። አንዱ የታቦርን፣ ሌላው የዳቶን ሰፈር ቢይዝ ቤንዚኑም ጊዜውም ይተርፋል። ይከፋፈላሉም። ግን እንዴት? "ወንድሜ፣ ይቺን አድርስልኝ" ተብሎ ፌስታል ይወረወራል። በማርከር የተጻፈው ስልክ ዝናብ ሲነካው 3ቱ 8 ይመስላል። ላኪ የሚያውቀው የመጀመሪያውን ሰው ብቻ፤ እሱ "ለእገሌ ሰጥቻለሁ" ይላል፣ እገሌም ለሌላ ሰጥቷል።

ኧረ አንድ የካርቦን ደረሰኝ ጥራዝ ግዙ! ተራ ቁጥር፣ የላኪና የተቀባይ ስልክ፣ የሚሰበሰበው ብር፣ ማድረሻውን ማን እንደሚከፍል፣ ሰዓት። የተረከበው ይፈርማል፣ አንዱ ቅጠል ሰጪው ጋ ይቀራል። ተራ ቁጥሩ እስከ መጨረሻው አይቀየርም፤ ሦስተኛው ሰው የራሱን አዲስ ቁጥር ከለጠፈበት ፍለጋው እዚያው ይሞታል። ፊርማ ግማሹ ፕላስተሩ ላይ፣ ግማሹ ካርቶኑ ላይ ይረፍ፤ የተከፈተ ዕቃ ያኔ ራሱን ያጋልጣል።

ብሩ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ከተቀባይ 1,800 ብር የሰበሰበ ሰው ቤንዚን ይቀዳበታል፣ "ነገ እልካለሁ" ይላል፣ ላኪ የመጀመሪያውን ሰው ያንቃል። በየማታው ይወራረድ። አንዱ ለሌላው 4,300፣ ያኛው ደግሞ ለእሱ 3,900 ካለበት የሚንቀሳቀሰው 400 ብቻ ነው፤ የማድረሻው ድርሻም እዚያው ይቀነሳል። የቴሌብር ስክሪንሾት አይታመን፤ ከ127 የሚመጣው መልእክት ራሳችሁ ስልክ ላይ ይግባ።

አድራሾቹን ይሄን ስትሏቸው "አፕ ይሠራልን"፣ "ድርጅት ይሰብስበን" ይላሉ። ዕቁብ ሲጥሉ አፕ ጠይቀው ያውቃሉ? ዳኛ፣ ጸሐፊና ደብተር ይበቃቸዋል።

ተመላሹንማ ተዉት! ተቀባይ "አልፈልግም" ሲል የመልሱን ሂሳብ ማን ይችላል? አስቀድሞ ስለማይነገር ጫማው የአንዱ ሱቅ ጥግ ሳምንት ይተኛል። ደረሰኙ ላይ "ተመላሽ በላኪ" ብሎ ለመጻፍ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?