ለጋ ቅቤ ትንሹን ልጅ አያሳድገውም

እህቴ፣ ደብረ ብርሃን ላለችው አራስ የመለስሽላት ከልብሽ እንደሆነ ይገባኛል። ግን ላርምሽ። «ልጁ 2.1 ኪሎ የሆነው በደንብ ስላልበላሽ ነው፤ ለጋ ቅቤ አቅምሽው፣ ይወፍራል» ብለሻታል።

የምግብ እጥረት አንዱ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በእርግዝና የደም ግፊት ከነበረባት ወይም የእንግዴ ልጁ በቂ ምግብ ካላሳለፈ፣ በደንብ የበላች እናትም ትንሽ ልጅ ትወልዳለች። አራስን ጥፋተኛ ማድረግ ግፍ ነው።

ቅቤው ደግሞ አደገኛ ነው። ትን ብሎት ሳንባው ሊገባ፣ ጀርምም ሊያስገባበት ይችላል። ያቺ ትንሽ ሆድ የጡት ወተት ቦታ ናት። እስከ 6 ወር ጡት ብቻ፤ ውሃም አይጨመር። እንቅልፍ ካበዛ በየ2 እና 3 ሰዓቱ ቀስቅሳ ታጥባው።

የደብረ ብርሃንን ብርድ ደግሞ ታውቂዋለሽ። የእኔም ልጅ ትንሽ ሆኖ ነው የተወለደው። እግሩ ሲቀዘቅዝብኝ ኮፍያ አድርጌለት፣ ራቁት ደረቴ ላይ ለጥፌው፣ ከላይ ጋቢ እደርብ ነበር። ቀስ እያለ ይሞቅና ጡት ይፈልጋል።

አብዛኞቹ እንዲህ የተወለዱ ልጆች በ2 ዓመታቸው እኩዮቻቸውን ይደርሳሉ። በየጊዜው ታስመዝነው። ጡት እምቢ ካለ ወይም ሰውነቱ ከቀዘቀዘ ግን ሳትውል ሳታድር ጤና ጣቢያ ትውሰደው።