ቀይ መብራቱ የሚሠራው በሙቀት አይደለም

«የድሬ ፀሐይ እያለች ለቀይ መብራት ሕክምና ብር ማውጣት ሞኝነት ነው፤ ሁለቱም ያው ሙቀት ናቸው» ላልከው ወንድሜ፦ አቦ፣ የድሬን ፀሐይ ማን ይንቃታል! ግን ሙቀቷና ይህ ሕክምና አይገናኙም።

ቀይ መብራት ሕክምና፣ ማለትም ዝቅተኛ ኃይል ያለው የብርሃን ሕክምና፣ ቆዳ አያቃጥልም። ብዙ ጊዜ ሙቀቱ ጭራሽ አይሰማም። ሥራውን የሚሠራው ብርሃኑ ራሱ ነው። ከቀይ እስከ ዓይን የማያየው ኢንፍራሬድ፣ በግምት ከ600 እስከ 1000 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ብርሃን፣ ቆዳን አልፎ ይገባል። በሴል ውስጥ ኃይል በሚያመነጨው ማይቶኮንድሪያ ላይ ሳይቶክሮም ሲ ኦክሲዴዝ የሚባል ኢንዛይም እንደሚቀበለው ይታመናል። ከዚያ ሴሉ ተጨማሪ ኃይል ያመነጫል፤ እብጠትና ሕመም ይቀንሳል። ነገሩን በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያስተዋለው ሃንጋሪያዊው ሐኪም እንድሬ ሜስተር ነው። ደካማ ሌዘር ያበራባቸው አይጦች የተላጨ ፀጉራቸው ቶሎ በቀለ።

ዛሬ ጥሩ ማስረጃ ያለው የካንሰር ሕክምና የሚያስከትለውን የአፍ ቁስል በመከላከል ላይ ነው። ለፀጉር መሳሳትና ለአንገት ሕመምም ይጠቅማል። «ስኳርም ደም ግፊትም ይፈውሳል» የሚሉህን ግን እለፋቸው።

የፀሐይዋ ሌላ ጣጣ አልትራቫዮሌቱ ነው። እኩለ ቀን ላይ ከከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ወጥተህ ብትቆም የምታተርፈው የተቃጠለ ቆዳ ነው። መጠኗንም መለካት አትችልም፤ እዚህ ሕክምና ላይ ደግሞ መጠን ወሳኝ ነው። ሲያንስ አይሠራም፣ ሲበዛም ጥቅሙ ይጠፋል።

መሣሪያውን ገዝተህ ቤት ልትሞክር ካሰብክ ዓይንህን ሸፍን። ያልታወቀ እባጭ ላይ ሐኪም ሳያየው አታብራ።