አቫንዛ ሁሉ በኋላ ጎማ አይሄድም

ስለ ቶዮታ አቫንዛ፣ ስለ ሰባት ሰው የቤተሰብ መኪናው፣ በሚጻፉ አስተያየቶች ላይ «አቫንዛ የትም አገር፣ የትኛውም ሞዴል፣ በኋላ ጎማ ነው የሚሄደው» የሚል ነገር ደጋግሜ አየሁ። የጻፉት ሰዎች ከሜዳ ተነስተው አይደለም፤ ለብዙ ዓመት እውነት ነበር። አሁን ግን ግማሹ ብቻ ነው ትክክል።

አቫንዛ ከመንትያው ከዳይሃትሱ ዘኒያ ጋር በ2003 (እ.ኤ.አ.) ኢንዶኔዥያ ውስጥ ሲወጣ ኃይሉ ወደ ኋላ ጎማ ነበር የሚሄደው። ሰባት ሰው ከነሻንጣው ጭኖ ዳገት ለሚወጣ ቤተሰብ የተመቸ ነበር። በ2011 የመጣው ሁለተኛው ትውልድም እንደዚያው ቀጠለ። ለውጡ የመጣው በ2021 መጨረሻ፣ በሦስተኛው ትውልድ ነው። ከዚያ ወዲህ አቫንዛም ሆነ ከፍ ያለው ዓይነቱ ቬሎዝ የሚሄዱት በፊት ጎማ ነው። ወለሉ ዝቅ አለ፣ ውስጡም ሰፋ። እኔ በበኩሌ የድሮውን የዳገት ጉልበት እመርጣለሁ፤ እሱ ግን የምርጫ ጉዳይ ነው።

ማጣራት ለፈለገ ቀላል ነው። ከኋላ በኩል ጎንበስ ብላችሁ ከሥር እዩ። በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መሃል ድብልብል ዲፍረንሻል (ኃይሉን ለሁለቱ ጎማዎች የሚያካፍለው)፣ ከፊት ወደ እሱ የሚመጣ ረጅም ዘንግ ካለ የድሮው ነው። ከሌለ አዲሱ ነው። ኮፈኑን ብትከፍቱም የድሮው ሞተር በቁመት፣ የአዲሱ በአግድም ተቀምጧል።

ስህተቱ ዋጋ የሚያስከፍለው መኪናው መንገድ ላይ ሲቆም ነው። አዲሱን «የኋላ ነው» ብሎ ኋላውን አንስቶ በፊት ጎማው እያሽከረከሩ መጎተት፣ በተለይ አውቶማቲክ ከሆነ፣ ካምቢዮውን ሊያበላሽ ይችላል።