ማስተካከያ፦ ዓመቱ 1960 ነው

ባለፈው ሳምንት፣ ስለ ጎጃም ገበሬዎች አመፅ አንድ የዓይን ምስክር የጻፉትን የትዝታ መጽሐፍ ስንገመግም፣ አመፁ የተነሣው «በ1968 ዓ.ም.» ነው ብለን ነበር። ስሕተት ነው፤ 1968 የፈረንጆቹ ቁጥር ነው፣ በእኛ 1960 ዓ.ም. ነው። የስምንት ዓመት ስሕተት ቀላል አይደለም፤ አመፁን የቀሰቀሰውን፣ ንጉሡ የጣሉትን የእርሻ ገቢ ግብር ለደርግ አሸክመናል። መጽሐፉ ዓመቱን በትክክል ጽፎታል፤ ጥፋቱ የእኛ ስለሆነ ጸሐፊውን ይቅርታ እንጠይቃለን።

ቅሬታችን ግን አልተነሣም። ገበሬው በአውሮፕላን ሲደበደብ ደብረ ማርቆስ የነበሩት ሰው ለቦምቡ ግማሽ ዐረፍተ ነገር፣ ዝናብ ላበሰበሰው ካፖርታቸው ደግሞ ሁለት ሙሉ ገጽ ሰጥተዋል። አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከሥልጣን መነሣታቸውንም የጠቀሱት በቅንፍ ነው።