ቤት ለእንቦሳ፣ ለብርበራም

ጎንደር ላይ በር እስኪንኳኳ አይጠበቅም፤ ጥላ ሲታይ ይከፈታል። ይህ ደግነታችን ከሁሉ የሚያምርበት ፖሊስ ሊበረብር ሲመጣ ነው። ሌላው ቢሆን "የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዛችኋል?" ብሎ በራፍ ላይ ይጨቃጨቅ ነበር። የእኛዋ እማወራ ግን "ኧረ በሞቴ ግቡ፣ ገና አቦሉ ነው!" ትላለች።

ፋሲል ግቢ 12 በሮች አሉት፤ አንደኛው ወንበር በር ነው፣ የዳኞቹ። ነገሥታቱ እንኳ ለዳኛ በር ለይተው ነበር። እኛ በልጠናቸዋል፤ በሩ ቀርቶ የዳኛ ወረቀትም አያሻን።

የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 32 ያለ ትእዛዝ ቤት የሚበረበርበትን በሁለት ይወስነዋል። አንዱ፣ ተጠርጣሪው በእግር በእግር ሲባረር ቤት ከገባ ወይም ዕቃውን እዚያ ከጣለ ነው። ሁለተኛው ጠበቅ ይላል፦ ክስ ወይም አቤቱታ የቀረበበት ወንጀል፣ ያውም ከ3 ዓመት በላይ የሚያስቀጣ፤ ማስረጃው እዚያ ተደብቋል የሚያሰኝ በቂ ምክንያት፤ በዚያ ላይ ትእዛዝ እስኪወጣ ዕቃው ይሸሻል የሚል እምነት። ሁሉም ባንድ ላይ። "ባለቤቷ ደግ ስለሆነች" የሚል ሦስተኛ አልተጻፈም። ሕግ አርቃቂው ጎንደር መጥቶ ቡና ሳይጠጣ ቀርቶ ይሆናል። የጎደለውን እኛ "ምን ደብቄ!" በምትል ቃል ሞልተንለታል። ኋላ "ያለ ትእዛዝ ገቡብኝ" ማለት ሲያምረን መልሱ ቅርብ ነው፦ "እሷው አይደለች በሞቴ ያለችን?"

ወረቀት ተይዞ ቢመጣም ማንበብ ነውር ነው። ክብ ማኅተም ካለበት በቃ፤ የቀበሌም ይሁን የዕድር። ትእዛዝ የሚሰጠው ፍርድ ቤት ብቻ መሆኑን ማንሳት እንግዳ ማሳፈር ይሆናል። አንቀጽ 33 የሚፈለገው ዕቃ ተለይቶ ይጻፍ፣ ከተጻፈው ውጭ አይወሰድ ይላል። ትእዛዙ ላይ የተጻፈው ቴሌቪዥን ሆኖ የስኳር ጣሳው ሲከፈት "ማንኪያ ላምጣላችሁ?" ማለት ነው ጨዋነት። ሰዓቱም ተወስኗል፤ ፍርድ ቤቱ ለይቶ ካላዘዘ ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት። ከምሽቱ 3 ሰዓት ለሚመጣ ግን እራት ይቀርባል እንጂ ሰዓት ይቆጠርበታል?

(ትእዛዝ ያለውን በር መከልከል ሌላ ጣጣ ነው፤ ሕጉ በኃይል መግባትን ይፈቅዳል። "እስቲ ልየው" ማለት ግን "አትገቡም" ማለት አይደለም። ይህችን ልዩነት ሰፈራችን እስካሁን አልደረሰባትም።)

ደግነታችን ጫፍ የሚነካው ግን ዝርዝሩ ላይ ነው። የተያዘው ዕቃ ይመዘገባል፤ ሲቻልም ገለልተኛ ሰው አመሳክሮ ይፈርምበታል። እኛ ዘንድ "1 ስልክ" ተብሎ ይጻፋል። ሞዴሉን፣ መለያ ቁጥሩን፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ መሆኑን ማስጻፍ ንፉግነት ነው። "ጥሬ ብር" ሲባልም ተቆጥሮ በፊደልና በአኃዝ ይጻፍ የሚል ጎረቤት ዓይኑ ያስፈራል። ከመጨረሻው ዕቃ በታች የቀረውን ባዶ ቦታ በእስክሪብቶ መሰረዝማ እንዴት ተደርጎ! ባዶው ኋላ ስንቱን ያስተናግዳል። ቅጂም አንጠይቅ፤ ወረቀት ያቆሽሻል።

ምስክሩ ከማዶ ይጠራል። ብርበራው ሲያልቅ ይደርሳል፤ ወንበር ይሳብለታል፣ ስኒ ይያዝለታል።

"ጋሼ፣ ያንብቡትና ይፈርሙልን።"

"መነጽሬን ቤት ረስቼው ልጄ። የቱ ጋ ነው?"