ለጀማሪ አከራዮች፦ አስቀድሞ ከአሜሪካ የሚመጣ ልጅ ይኑርዎ

ባለፈው ቅዳሜ አመሻሹ ላይ አከራዬ በሬን አንኳኩተው፣ የእግዜር ሰላምታ ካቀረቡ በኋላ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «መቼስ እንደ ቤተሰብ ነበር የኖርነው» ሲሉ ጀመሩ። በኪራይ ቤት የኖረ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ አከራይ «ነበር» ያለ ዕለት ካርቶን መሰብሰብ መጀመር ነው። ሌሊቱን ስገላበጥ ግን ንዴቴ ቀስ በቀስ ወደ አድናቆት ተለወጠ። ይህን የመሰለ ጥበብ ሳይጻፍ እንዳይቀር ብዬ፣ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸውም ሆነ በግቢያቸው ጥግ ሁለት ሰርቪስ ክፍል ቀጥለው ወደ ማከራየቱ ሥራ አዲስ ለሚገቡ ወገኖቼ ይህን ምክር አዘጋጅቻለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ቤቱ አይጨነቁ። ግድግዳው እርጥበት ቢያወጣ «ክረምት ስለሆነ ነው» ይበሉ፤ ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ «አሁን እኮ ደርቋል» ይበሉ። የእርስዎ ጭንቀት መሆን የሚገባው ተከራዩ የሚመታው ሚስማር ነው። ጣሪያው ስድስት ቦታ ቢያፈስ ቤቱ አይጎዳም፤ አንዲት የቀን መቁጠሪያ የተሰቀለችባት ሚስማር ግን መሠረቱን ታናጋዋለች። ምጣድ በተጣደ ቁጥርም ከቆጣሪው ሥር ቆመው፣ ታማሚ እንደሚጠብቅ አስታማሚ በትካዜ ራስዎን ይነቅንቁ።

የሥራው ዋና መሣሪያ ግን ከአሜሪካ የሚመጣው ልጅ ነው። የወለዱት ከሌለ የእህት ልጅም ይሆናል። ከእኔ በፊት እዚህ ክፍል የኖረችው ነርስ ዕቃዋን ስትጭን እንዳጫወተችኝ፣ የአከራያችን ልጅ ያኔም ሊመጣ ነበር፤ ከእርሷ በፊት ለነበሩት ባልና ሚስት ደግሞ ሊያገባ ነበር። በእኔ ተራ ሊመጣም ሊያገባም ሆኗል። ይህ ቨርጂኒያ ውስጥ የሚኖር የተባረከ ልጅ፣ ባሕር ማዶ ያፈራውን ሁሉ ትቶ፣ ሦስት በአራት በሆነች፣ በሯ በሽቦ በሚታሰር፣ ኮርኒሷ አቡጀዴ በሆነ ክፍል ውስጥ ሙሽራውን ይዞ ለመኖር ቆርጦ ተነሥቷል። እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎቹን የት እንደሚያስቀምጥ አስቤ እንቅልፍ አጥቻለሁ፤ አንዱን አልጋ ሥር ቢያስገባ ሌላው ከነሙሽራይቱ ደጅ ማደሩ ነው። ውኃ የሚመጣው በፈረቃ፣ ያውም ሌሊት በመሆኑ፣ ሙሽራይቱ በጫጉላዋ ሰሞን ጄሪካን ይዛ ከጎረቤት ጋር ስትጋፋ ይታየኛል። የግቢው በር ከምሽቱ ሦስት ሰዓት እንደሚዘጋስ ማን ነግሮት ይሆን? በጋራው ሽንት ቤት ተራ ሲጠብቅ አባቱ «ውኃ በደንብ ድፋበት» ብለው ከበረንዳ ሲጮኹበትስ? ከሁሉ የሚደንቀው ደግሞ ይህ ሁሉ ናፍቆት በብር መለካቱ ነው፤ ተከራዩ በኪራዩ ላይ 3,000 ብር ልጨምር ያለ እንደሆነ ልጁ በዚያችው ሌሊት በረራውን ይሰርዛል፣ ሠርጉም ለከርሞ ይተላለፋል።

ስለ ሕግ ለሚጠይቁኝ፣ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የሚባል አለ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ይሁን፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ፣ ከ2 ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከ2 ወር አይብለጥ፣ ኪራዩም በባንክ ወይም በሌላ የኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈል ይላል። እንዲህ ያማረ ጽሑፍ በእጅ ብዛት መቆሸሽ የለበትም። ስለዚህ አንድ ውል ለመዝገብ በትንሽ ዋጋ ያዘጋጁለት፤ እውነተኛውን ዋጋና የስድስት ወር ቅድሚያውን ደግሞ በቃል ይጨርሱት፣ ቃል እኮ ከወረቀት ይከብራል። ተከራዩ አዋጁን ቢጠቅስብዎ ወዲያውኑ ሐምሌ 1967ን ያንሱ። አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን እንደ ወረሰ፣ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ እንደ ተሰጡ እንባ እየተናነቀዎ ይተርኩለት። የእርስዎ ቤት በ2005 የተሠራ መሆኑ ለኀዘኑ እንቅፋት አይሆንም።

ተከራይ ሲመርጡ የመጀመሪያው ጥያቄ «ልጅ አላችሁ?» የሚለው ይሁን። እዚህ ላይ ግን ቀልዱን ላቁም። ባለፈው እሑድ ቤት ፍለጋ ስዞር፣ አንዲት እናት ከአንድ የቆርቆሮ አጥር ሥር ቆማ ከደላላ ጋር ስትመካከር ሰማሁ። ሦስት ልጆች አሏት። ደላላው ክፋት የሌለበት ሰው ነው፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሁለት ነው በይ፤ ትንሹን ከአክስቱ ዘንድ አቆይተሽ ከወር በኋላ በማታ ታስገቢዋለሽ» አላት። ትንሹ ልጅ ቀሚሷን ይዞ ቆሟል፤ ይሰማል። ይህ ነውር ነው፤ ሌላ ስም የለውም። የራሱን ልጆች በዚያው ግቢ ያሳደገ ሰው የሌላውን ልጅ እንደ ትኋን በኮንትሮባንድ የሚገባ ሲያደርገው፣ የምንወቅሰው የቤት እጥረትን ብቻ ሊሆን አይችልም።

ወደ ምክራችን እንመለስ፤ የቀረው ደላላ መጥራት ነው። ስልክ ቁጥሬን የሰጠሁት አንድ ሌላ ደላላ ሐሙስ ዕለት ደውሎ፣ «አንዲት ክፍል አግኝቼልዎታለሁ፤ ግቢው ሰላማዊ፣ ባለቤቶቹ ደጋግ ሰዎች ናቸው» አለኝ። አሁን ከምከፍለው በ3,500 ብር ትበልጣለች። ቦታውን ሲያስረዳኝ በወፍጮ ቤቱ በኩል አሳልፎ፣ ድልድዩን አሻግሮ፣ አረንጓዴው በር ላይ አደረሰኝ። የምገባው በየትኛው ቁልፍ እንደሆነ ዐውቅ ነበር።

«ልጃቸው ከአሜሪካ ሊመጣ አልነበረም እንዴ?» አልሁት።

«የምን ልጅ? ሴት ልጆች ብቻ ናቸው ያሏቸው፤ ሁለቱም እዚሁ ነው ያገቡት። አሁን ያለው ተከራይ በወሩ መጨረሻ ይወጣል፤ ትንሽ ጨቅጫቃ ነው አሉ፣ ግድግዳውንም በሚስማር ወግቶታል። መቼ መጥተው ያዩታል?»

ለቅዳሜ ከሰዓት ተቀጣጠርን። በሩን የምከፍትለት እኔ ነኝ።