ለላፕቶፔ የተጻፈ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ

ቁጥር፦ ተመዝግቦ ነበር፤ እርስዎ ሲጠፉ አብሮ ጠፍቷል
ጉዳዩ፦ ያለ ፈቃድ ከሥራ ገበታ መሰወርን ይመለከታል

ለክቡር ላፕቶፕ
ደሴ

«አንተ» ብዬ ልጽፍልዎ ብዕሬን ካነሣሁ በኋላ ሐሳቤን ለወጥኩ። በሥራ መሐል ማንንም ሳያስፈቅድ ብድግ ብሎ የሚሄድ፣ ሲመለስም የት እንደ ነበር የማይጠየቅ ትልቅ ሹም ብቻ ነው። ስለዚህ አንቱታው ይገባዎታል።

እንደሚያውቁት የእድር ጸሐፊ ነኝ። የአባላቱን ስም፣ ወርሃዊ መዋጮና ውዝፍ ከአሮጌው መዝገብ ወደ እርስዎ እንዳዛውር ጉባኤው ሲወስን ከሁሉ ቀድሜ እጄን ያወጣሁት እኔ ነበርኩ። በ«ሀ» የሚጀምሩትን ስሞች ጨርሼ «ለ» ላይ ስደርስ ድርግም አሉ። ከዚያ አንዳንዴ በራስዎ፣ አንዳንዴ እኔ ቁልፍዎን ስጫን ተነሥተው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «እንኳን ደህና መጡ!» የሄዱት እርስዎ፣ እንኳን ደህና መጡ የሚባለው እኔ።

በዚያ ምሽት እናቴ ቡና ታፈላ ስለ ነበር መቁጠሩ አላስቸገረኝም። በአቦሉ ጊዜ አርባ ደቂቃ ያህል ቆይተው ጠፉ፣ በቶናው ሩብ ሰዓት፣ በበረካው ግን አምስት ደቂቃ እንኳ አልሞሉም። እንደ ቡናው እየቀጠኑ ሄዱ ማለት ነው። እናቴ «አብሽር፣ ደክሞት ይሆናል፤ ትንሽ ይረፍ» አለችኝ። አልሰማኋትም። (ይህንን ዐረፍተ ነገር ከግልባጩ ላይ እሰርዘዋለሁ።)

ቅሬታዬ መጥፋትዎ አይደለም። መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ አብሮ ስለሚጨልም ሰው ይጽናናል። ቅሬታዬ ሳይናገሩ መሄድዎ ነው። ዊንዶውስ ሲታመም ሕመሙን የሚናዘዝበት ሰማያዊ ገጽ እንዳለው፣ ነገር ግን ስሕተት ሲገጥመው ወዲያው እንደገና እንዲነሣ ከመጀመሪያው ስለሚታዘዝ ኑዛዜውን ሰው ሳያነብበው እንደሚያልፍ ተረዳሁ። ከቅንብሮችዎ ውስጥ ያንን ትእዛዝ ፈልጌ ምልክቱን አነሣሁ። አሁን ይናዘዛሉ ብዬ ጠበቅሁ። ሰማያዊ የለ፣ ኑዛዜ የለ፤ እንደ ልማድዎ ድርግም።

ወደ ክስተት መዝገብዎ ሄድኩ። እዚያ ቁጥር 41 የሚባል ማስታወሻ ተደርድሯል፤ ሲስተሙ በሥርዓት ሳይዘጋ እንደገና ተነሥቷል ይላል። ከሥሩ 6008፣ ያው ወሬ በሌላ አንደበት። በእድራችን ይህንን ሥራ የሚሠራው ጥሩምባ ነፊው ነው። ማን እንዳረፈ ይለፍፋል፣ በምን እንዳረፈ ግን አይጠየቅም። ጥሩምባ ነፊያችን ቢያንስ ቀብሩ የት እንደሆነ ይናገራል።

ቻርጀሩን ጠረጠርኩ፤ ነቅዬው በባትሪ ብቻ ሲሠሩም ጠፉ። ሜሞሪውን በራስዎ መመርመሪያ አስፈተሽኩ፤ ንጹሕ ነው ተባለ።

በመጨረሻ ታቅፌዎት ፒያሳ ወረድኩ። ጠጋኙ ስለ ቡናው ሲሰማ ሣቀና «ሞቆት ነው» አለኝ። ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ትዕግሥቴ አለቀ። ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጠን፣ ጠዋት ጠዋት ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ ጥርስ እያንቀጫቀጨ ሞቀኝ? የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ኮምቦልቻ ቢሆን ኖሮ እሺ ባልኩ። ደሴ ላይ በሐምሌ ሞቀኝ ያለ ሰው ትኩሳት አለበት ተብሎ ሐኪም ቤት ይወሰዳል እንጂ ከሥራ ገበታው አይነሣም።

ጠጋኙ ይባስ ብሎ ጠበቃዎ ሆነ። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል፤ አየሩ የሳሳ ስለሆነ ማራገቢያው የሚገፋው ነፋስ ሙቀት የመሸከም ጉልበቱ ዝቅተኛ ነው አለ። ይህ ብቻውን ግን አያጠፋዎትም አለና ሆድዎን ከፈተ። ከማራገቢያውና ከመዳብ ክንፎቹ መሐል አንድ ድፍን የጥጥ ባዘቶ በወረንጦ ጎትቶ አወጣ። ነጭ፣ ለስላሳ፣ የሚታወቅ ጥጥ። ለካስ ፕሮሰሰርዎ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ተቃጥሎ ከመቅረት ራሱን ማጥፋት ይመርጣል። ሙቀቱን ወደ መዳቡ እንዲያሻግር በላዩ የተቀባው የሙቀት ቅባትም ደርቆ እንደ አሮጌ ኖራ ተሰነጣጥቋል።

«ይህን ምን ላይ እያስቀመጡ ነው የሚሠሩት?» አለኝ ጠጋኙ። ጋቢ ለብሼ፣ ጋቢው ጉልበቴ ላይ ታጥፎ፣ እርስዎ ደግሞ በጋቢው ላይ፣ የአየር መሳቢያዎ ከሆድዎ ሥር። ጥፋተኛው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ከዚህ ደብዳቤ ወሰን ውጭ ነው።

ባዘቶው ወጥቶ፣ ቅባቱ ታድሶ፣ ከእናቴ ተውሼ ባመጣሁት የእንጀራ ሰፌድ ግርጌ ላይ ተደላድለው ከተቀመጡ ወዲህ ዘጠኝ ቀን አልጠፉም። ደስ ብሎኛል፤ አላመንኩዎትም። ጉባኤያችን አሮጌው መዝገብ ከሥራ እንዳይሰናበት ወስኗል። እሱ ሻይ ተደፍቶበታል፣ ጥጉን አይጥ ቀምሶታል። ነገር ግን አንድም ቀን ጥሎኝ ሄዶ «እንኳን ደህና መጡ» አላለኝም።

ከሰላምታ ጋር
የእድሩ ጸሐፊ

ግልባጭ፦
ለቻርጀሩና ለሜሞሪው፣ በከንቱ ስለ ተጠረጠሩ፣ ከይቅርታ ጋር
ለጋቢው፣ እንዲያውቀው ያህል